ኮምጣጣ አፈር

አክስቴ ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ተኩሳለች። የምትሠራበት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮቶቹ ከጣሪያው ጋር ተጣብቀው ስለተሠሩ የሚታይባቸው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ታጥቦ የተጨመቀ አንሶላ በጋሪ ይመጣል። እሷና አንዲት ጓደኛዋ ጫፍና ጫፉን ይዘው ያራግፉትና ወደሚሽከረከረው ትልቅ መተኮሻ ያስገቡታል፤ በወዲያኛው በኩል እየጤሰ ሲወጣ አራት አጥፈው ይቆልሉታል። በቀን አራት መቶ አንሶላ። ሥራው ተቀምጠው የሚሠሩት ስላልሆነ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ እግሯን ከጫማው የምታወጣው ከጉድጓድ ውሃ እንደሚስብ ሰው በሁለት እጇ እየጎተተች ነው።

እድፍ ታውቃለች። ደም ሲቆይ ምን እንደሚመስል፣ የትኛው ቢጫ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ሳትጠይቅ ትናገራለች። አንድ ቀን ግን ሦስቴ ታጥቦ ያልለቀቀ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት አንሶላ መጣና ግራ ገባት። ከግቢው አትክልተኛ ጋር ስለምትግባባ በምሳ ሰዓት ወስዳ አሳየችው። ሽማግሌው ሳቀ። ብሉቤሪ ነው አላት። ከጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ የተከላቸው ቁጥቋጦዎች አሉ፤ ቆሞ መሄድ የጀመረ አንድ በሽተኛ ከዚያ ዘግኖ አልጋው ውስጥ ሲበላ አፍስሶት ይሆናል። በማግስቱ አራት ፍሬ በመዳፉ ይዞላት መጣ። ከሽምብራ ከፍ ይላሉ፤ ሰማያዊ ሆነው አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። መጀመሪያ ጣፈጧት፣ ቀጥሎ ኮመጠጧት፣ ከዚያ አለቁ። "ይህን ሁሉ ዓመት ስተኩስ ደስ ያለኝ እድፍ እሱ ብቻ ነው" ትላለች።

አትክልተኛው ጡረታ የወጣ ጊዜ ቁጥቋጦዎቹ ያሉበት ቦታ ሕንፃ ሊሠራበት ተለክቶ ነበር። ስድስት ችግኝ በጣሳ አድርጎ ሰጣት፤ ሲሰጣትም ቁጭ አድርጎ አስተማራት። ይህ ተክል ኮምጣጣ አፈር ካላገኘ አይሆንለትም፤ ሌላው ዛፍ የሚወደውን እሱ ይጠላል። የጥድ ቅጠልና የጥድ ልጣጭ ሥሩን ይሸፍኑት። የቧንቧ ውሃ ሳይሆን የዝናብ ውሃ ይጠጣ። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሆነ ዶማ አይቅረበው። አፈሩ አልኮመጥጥ ካለ ትንሽ ድኝ ይነስነስበት። ሦስቱ ከአንድ ዘር፣ ሦስቱ ከሌላ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይበልጥ ያፈራሉ። ሁሉንም እሺ፣ እሺ ስትል ቆየች። መጨረሻ ላይ፣ ጉልበቱ ወደ ሥሩ እንዲሄድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አበባውን በሙሉ መቅጠፍ እንዳለባት ሲነግራት ግን ዝም አለች።

"ልብሽ ካልቻለ ከአሁኑ አትውሰጃቸው" አላት ሽማግሌው።

ወሰደቻቸው።

ቤታቸው ባሏና የባሏ ታናሽ ወንድም ከወላጆቻቸው የወረሱት ነው። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ክፍሎች የወንድምየው ናቸው፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ የእነሱ። ከእነሱ ክፍሎች ጀርባ ሦስት እርምጃ በስምንት የሚሆን፣ በወዲያ በኩል ወደ መንገድ የሚያወጣ የብረት በር ያለው ጓሮ አለ። ወንድምየው የሚኒባስ ሾፌር ነው። መኪናውን መንገድ ላይ ስለሚያሳድር ስፖኪዮው ሁለቴ ተሰርቆበታል። ጓሮውን በሲሚንቶ አስለስኖ መኪናውን ሊያስገባበት ካሰበ ቆይቷል።

አክስቴ ስድስቱን ጣሳዎች ይዛ የገባች ዕለት ሦስቱ ተቀምጠው ተነጋገሩ። በሕይወቷ አንድ ነገር ጠይቃው የማታውቅ ሴት ስለሆነች ሾፌሩ እምቢ ማለት አፍሮ ሦስት ክረምት ሰጣት። በሦስተኛው ክረምት ማብቂያ የበሰለ ፍሬ ከታየ ጓሮው የተክሉ ይሆናል፤ ካልታየ ይለሰናል።

"ሦስት ክረምት እኮ እትዬ፣ ሕፃን ቢሆን አፉን ፈትቶ የሚሳደብበት ጊዜ ነው" አላት።

ተስማሙ። ሦስተኛው ክረምት ሲያልቅ እሷም ጡረታ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት ቦታ ያ ጓሮ እንዲሆን ነበር ያሰበችው። ሌላ ያሰበችው ነገር አልነበራትም።

ባሏን ሰፈሩ ጋሽ ነጩ ይለዋል። ኖራ ቀቢ ነው። አጥር፣ ግድግዳ፣ የትምህርት ቤት መተላለፊያ ሲቀባ ስለኖረ ቅንድቡ ከሽበቱ በፊት የነጣ ነው፤ በእጁ መስመሮች ውስጥ የገባው ኖራ በምንም አይለቅም። ነገር አያበዛም። ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ሬዲዮው ነው። በሥራው ግን አንድ ሕግ አለው፤ ውሃ አይደፋም። ወጣት ሳለ ውሃ በትከሻው እየተሸከመ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲያወጣ ነው የኖረው። ባልዲውንና ቡሩሹን ያለቀለቀበትን ውሃ እንኳ ለነገ ማቡኪያ ያቆየዋል እንጂ አያፈሰውም።

ችግኞቹ በተተከሉ በሳምንቱ፣ በዚያ ከባድ የሥራ ጫማው አንዱን ቅርንጫፍ ረገጠው። አክስቴ ያን ቀን አንሶላው ከወትሮው በዝቶባት ነበር የገባችው። "ከነዚህ አትድረስብኝ" አለችው። እሺ አለ። እሱ እሺ ካለ እሺ ነው፤ እሷም ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰላት።

የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። ከአሸንዳው ሥር በርሜል አስቀምጣ የዝናብ ውሃ አጠራቀመች። ከሆስፒታሉ አጥር ሥር የጥድ ቅጠል በከረጢት እየሞላች፣ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ አመጣች። አበባው ሲመጣ፣ ደወል የመሰለ ነጭ ትንሽ አበባ ነው፣ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ በጣቷ እየዳሰሰች ቀጠፈችው።

በሁለተኛው ዓመት የእግሯ ደም ሥር ተገታትሮ ማበጥ ጀመረ። በየቀኑ ታጠጣ የነበረውን ወደ ሁለት ቀን አንዴ አወረደችው። በዚያው ሰሞን ቅጠሎቹ ገረጡ። ውሃ ባሳንስባቸው ነው ብላ ራሷን ወቀሰች። ድኝ ነሰነሰች፤ ከአናጺዎች ቤት የጥድ ልጣጭ ለምና ጨመረች። ሦስተኛው ዓመት ሲገባ የቅጠሉ ገላ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ቀሩ፤ መንገዱ ብቻ የተሳለበት ካርታ ይመስላል። አንዱ ደረቀ። በወሩ ሌላው ተከተለው። ከቀሩት አራቱ ሦስቱ አበባቸውን አራገፉ። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ የመርፌ ራስ የሚያክሉ አሥራ አንድ አረንጓዴ ፍሬዎች ቀሩ። አሥራ አንድ መሆናቸውን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ሾፌሩ ጠዋት መኪናውን ሊያስነሳ ሲወጣ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። "እትዬ፣ ኮምጣጣ ነው የሚወደው ካልሽ፣ ከእንቅልፌ ስነሳ የኔን ፊት አሳዪው" ይላታል። ትስቅለታለች። ፊቷን ግን ከቅጠሉ አታነሳም ነበር።

በሆስፒታሉ ላብራቶሪ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ አለች፤ ጋውኗን ሁልጊዜ አክስቴ ናት የምትተኩስላት። ችግሯን ብትነግራት ጥቂት ቁራጭ ወረቀቶች ሰጠቻት። ኮምጣጣ ሲነካው የሚቀላ፣ ተቃራኒው ሲነካው ሰማያዊ የሚሆን ወረቀት ነው። አክስቴ በርሜሉ ውስጥ ነከረችው፤ ምንም አልሆነ። አፈሩን በዝናብ ውሃ በጥብጣ ነከረችው፤ ሰማያዊ ሆነ። ባለሙያዋ ወረቀቱን አየችና፣ ይህ በራሱ የመጣ አይደለም፣ አመድ ወይም ሳሙና ነገር እየገባበት ነው አለች።

ሳሙና ሲባል የአክስቴ ልብ ወዴት እንደሄደ መገመት አይከብድም። ሾፌሩ እሁድ እሁድ መኪናውን ከጓሮው በር ላይ ነው የሚያጥበው። ጓሮውን የሚፈልገውም እሱ ነው። ያሰበችውን ለማንም ሳትናገር አንድ ሳምንት ቆየች፤ በቀጣዩ እሁድ ስፖንጁን ይዞ ሲያጎነብስ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣኝ አለችው። ጠየቀችው። ሾፌሩ ቀና ብሎ እጁን በሱሪው አደረቀ።

"እትዬ፣ ክፉ ልሁን ብል እንኳ ጊዜ የለኝም" አለ። "ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት መሪ ይዤ ስውል፣ ላንቺ ቅጠል የምመድበው ክፋት ከየት አመጣለሁ? ደግሞስ ክረምቱ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው። ዝም ብዬ ብጠብቅ ይለቀቅልኝ የለ?"

አላመነችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ ላይ የሚመጣው ቀልድ ቀረ፤ ሰላምታውም ቀረ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ እግሯ ከጉልበቷ በታች ድንጋይ ሆነ። የክፍሉ ኃላፊ አይታት፣ ከምሳ በኋላ ወደ ቤት ሂጂ አለቻት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በቀን ብርሃን ቤቷ የገባችባቸው የሥራ ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሩን በቁልፏ ከፍታ ገባች። የኋላው በር ክፍት ነበር፤ ከደጃፉ በዚህ በኩል የባሏ የሥራ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ባሏ ጓሮው ውስጥ በባዶ እግሩ ተንበርክኮ ነበር። አጠገቡ ባልዲው አለ። በግራ እጁ የጥድ ቅጠሉን ከአንዱ ተክል ሥር ቀስ አድርጎ አነሳው፤ በቀኝ እጁ ከባልዲው በጣሳ ቀዳ። ውሃው ወተት ይመስል ነበር። አፈሩ እንዳይሸረሸር መዳፉን ከሥር አስቀምጦ በመዳፉ ላይ አፈሰሰው፤ እስኪሰርግ ጠበቀ፤ የጥድ ቅጠሉን እንደነበረ መልሶ ደለደለው። ከዚያ ወደሚቀጥለው በጉልበቱ ሄደ።

"አይዟችሁ" አላቸው። "ጠጡ። እሷ ደክሟታል።"

አክስቴ ድምፅ ሳታሰማ ወደ መኝታ ክፍል ተመለሰችና ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መቆጣት ነበረባት። ቁጣው ግን አልመጣም፤ የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ አንጀቷን በላት። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው ደክሟታል ሲል ሰምታው አታውቅም። አይዞሽም ብሏት አያውቅም። ለካ የሚለው ቦታ ነበረው።

ሆድ ይፍጀው ብላ ዋለች፣ አደረች። ብትነግረው፣ ያቺን አንዲት ሥራውን ከእጁ መንጠቅ ሆነባት። ባትነግረው አራቱም ይሞታሉ። ረቡዕ ጠዋት ባልዲውን ከአልጋ ሥር ደበቀችው፤ ማታ ስትመጣ የጥድ ቅጠሉ ተነካክቶ ነበር፤ በሌላ ባልዲ አጠጥቷቸዋል። ሐሙስ በእራት ላይ፣ ማንንም ሳታይ፣ ዝናቡ እየበቃቸው ነው፣ ከእንግዲህ ሌላ ውሃ አያስፈልጋቸውም አለች። እሺ አላለም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ዓርብ ማታ ቅጠሎቹ ከሐሙሱ የባሰ ቢጫ ሆነው አገኘቻቸው። አሥራ አንዱ ፍሬዎች ደግሞ የጥድ ቅጠሉ ላይ ተበትነው ነበር። ጎንበስ ብላ ለቀመቻቸው። ዘጠኝ ብቻ አገኘች።

ቅዳሜ ሁለቱም ሥራ አልነበራቸውም። ከቁርስ በኋላ ሬዲዮውን አጠፋችው። ቀና ብሎ አያት።

"ባልዲህን ያለቀለቅክበትን ውሃ የት ነው የምትደፋው?"

"አልደፋውም።"

"አውቃለሁ። አየሁህ።"

ጋሽ ነጩ ስኒውን አስቀመጠ። ልጅ ሆኖ የተያዘ ይመስል እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር አገባቸው።

"ለትል ብዬ ነው" አለ። "መንገድ ዳር ያለውን ዛፍ ሁሉ እኮ ኖራ እየቀባን ነው ያሳደግነው። ገረጡብሽ። መድኃኒት ነው ብዬ ጨመርኩላቸው። ባሰባቸው፤ እኔም ባስኩ።"

"የዛፉ ግንዱ ላይ ነው። ይሄ ሥሩ ነው" አለችው። ድምፅዋ ከፍ እንዳይል እየተጠነቀቀች አስረዳችው፤ ኖራ ኮምጣጣውን ያጠፋዋል፤ ኮምጣጣው ከጠፋ ሥሩ ምግብ ማንሳት አይችልም፤ ማዕድ ፊቱ ቀርቦለት እጁ እንደታሰረ ሰው እየተራበ ይሞታል።

"የሞቱት ሁለቱም በዚህ ነው?"

"በዚህ ነው።"

ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው። አትድረስብኝ ብለሽኝ የለ እንዴ አላት። እግርሽ ደግሞ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያለው መሰለ።

"መቼ ነው ያየሽኝ?"

"ማክሰኞ።"

"ረቡዕም አጠጥቻለሁ። ሐሙስም። ትናንትም።"

"አውቃለሁ።"

"እያየሽ ዝም አልሽኝ?"

"ጉልበት አጣሁ" አለችው። እውነቷን ነበር። የሚያስለቅስ ነገር ነበር፤ ለማልቀስም ጉልበት የሚፈልግ መሆኑን ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ጋሽ ነጩ ተነስቶ ወጣ። ወደ ፊት ለፊቱ ቤት ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች በኋላው በር ወደ ጓሮው ገቡ። አክስቴ ለሾፌሩ የሚገባውን ይቅርታ ጠየቀችው፤ ዓይኑን እያየች ነው የጠየቀችው። ሾፌሩ አንገቱን አከከ።

"ይቅርታሽን ተቀብያለሁ" አለ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላም ሳትዪኝ ስትቀሪ ግን ተሳፋሪ ላይ ነው የጮህኩት፤ እነሱን ይቅርታ ጠይቂልኝ።"

ወንድሙ ግን ለቀልድ አልመጣም ነበር። ተክሉ አልከሸፈም፣ የከሸፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ክረምት ጨምርላት አለው። ይህን ሲል ሁለት እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። ባለፈው ሳምንት የመኪናውን በር መስተዋት እንደሰበሩበት፣ ሌሊት ድምፅ በሰማ ቁጥር ተነስቶ በመስኮት እንደሚያይ፣ እንቅልፍ አጥቶ መሪ ሲይዝ አንድ ቀን ሰው እንዳይገድል እንደሚፈራ ተናገረ። በመሐል "ጋሼ፣ እኔም እኮ ደክሞኛል" አለ። ይህን እንደ ቀልድ አላለውም።

ሁለቱም ወደ አክስቴ ዞሩ። እሷ አፈሩን በጫማዋ ጫፍ እየነካች ነበር።

"ይለሰን" አለች።

ባሏ አፉን ሊከፍት ሲል በእጇ አስቆመችው። ሁለት ዓመት ኖራ የጠጣ አፈር በሁለት ዓመት አይመለስም አለች። ሰው ቃሉን ስለያዘ አይወቀስም አለች። ጓሮው ይሂድ፤ እኔ ግን አራቱን ከዚህ አፈር ነቅዬ ይዤ እወጣለሁ አለች። ሾፌሩ የሲሚንቶው ሥራ ሲጀመር ከአጥሩ ሥር አንድ ክንድ የሚያህል መሬት ሳይለሰን ልተውልሽ ቢላት እምቢ አለችው። ሲሚንቶም ያው የኖራ ወንድም ነው፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወደ ሥራቸው ይወርዳል። እንደዚህ ብዙ ስትናገር ሁለቱም ሰምተዋት አያውቁም ነበር።

ተክሎቹ የሚወጡበት ቦታ የማዕድ ቤቱ ጣሪያ ነው። ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው፤ በውጭ በኩል አሥራ አንድ ደረጃ አለው። አራት የእንጨት ሳጥን ያስፈልጋል። ጋሽ ነጩ እኔ እሠራለሁ አለና የመወጣጫ ጣውላዎቹን አመጣ። አክስቴ ጣውላውን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ነጭ ዱቄት ረገፈ። መልሶ ወሰደው። መጋዝ ሲያመጣ እጀታው ኖራ ነው። ባልዲ ሲያመጣ ኖራ ነው። ከረጢቱም፣ ገመዱም፣ የሚለብሰው ካፖርትም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አያቸው።

"ለካ ንጹሕ የምለው ነገር የለኝም" አለ።

አክስቴ ከጎረቤት ባልዲ ተውሳ አመጣችለት። ጣውላውን ከአናጺዎች ቤት አዲስ ገዙ። ሳጥኖቹ ሲሚንቶውን እንዳይነኩ በአራት እግር ቆሙ፤ ከታች ውሃ የሚያወጡ ቀዳዳዎች ተበጁላቸው። በርሜሉም ወደ ላይ ወጥቶ ከትልቁ ቤት አሸንዳ ሥር ተቀመጠ። ውስጣቸውን በጥድ ልጣጭ፣ በበሰበሰ የጥድ ቅጠልና ከከተማው ውጭ ከጥዶች ሥር በሾፌሩ መኪና በተጫነ ጥቁር አፈር ሞሉት። ወረቀቱን ነከረችበት፤ ቀላ። እንደገና ነከረችው፤ ቀላ።

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ደመናማ እሁድ ነቀሏቸው። አክስቴ ዙሪያውን በእጇ ማሰች፤ ሥሩ ከአንድ ስንዝር በላይ አልወረደም ነበር። አሮጌውን አፈር ሁሉ አራግፋ ሥሩን በዝናብ ውሃ አጠበችው፤ እንደ ሕፃን ፀጉር ቀጭን ነው። የደረቁትን ቅርንጫፎች በመቀስ ቆረጠች። ሳጥን የተሸከመው፣ አፈር ያወጣው፣ ደረጃውን የተመላለሰው ጋሽ ነጩ ነው። ተክሉን ግን አልነካም። ስታቀብለው እንኳ እጁን ሰበሰበ። በመጨረሻ ሾፌሩ ነው ተቀብሎ ያወጣላት።

"አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው" አለ ሾፌሩ፣ አራቱ ጣሪያው ላይ ተሰልፈው ሲያያቸው። "ቆይ፣ ነገ ደግሞ መኪናዬን እዚህ ላውጣ ብል ወዴት ልትሄጂ ነው?"

በሚቀጥለው ሳምንት ጓሮው ተለሰነ። የለሰነው ራሱ ጋሽ ነጩ ነው፤ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ። አክስቴ ከሥራ ስትመለስ ገና እርጥብ ነበር፤ ዳር ላይ ቆማ አየችው። እንደ መስተዋት ለስልሶ ነበር። ጥሩ አድርገሃል አለችው። ማሽሟጠጧ አልነበረም፤ የተሠራ ሥራ ስታይ የምታውቅ ሴት ናት።

ከአራቱ አንዱ አልያዘም። ሦስቱ ቅጠላቸውን አራግፈው ሁለት ወር እንደ እንጨት ቆሙ። አክስቴ ጡረታዋን ወጣች። የሥራ ባልደረቦቿ አንድ ጥንድ የአልጋ ልብስ ሰጧት፤ በመሥሪያ ቤት ማሽን የተተኮሰ መሆኑን በእጥፋቱ አወቀችው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ አሥራ አንዱን ደረጃ ትወጣለች። በሦስተኛው ላይ ታርፋለች፣ በሰባተኛው ላይ ታርፋለች። ውሃ ታጠጣለች፤ ትወርዳለች። ከዚያ እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛለች። ጋሽ ነጩ ከሥራ ሲገባ እስከ ክርኑ ይታጠብና ከደረጃው ሥር ቁጭ ይላል። ስትወጣ ያያታል፣ ስትወርድ ያያታል። ላግዝሽ አይልም። እሷም አትለውም።

የሆነ ማለዳ ከአንዱ ግንድ ሥር ቀይ ቀንበጥ ወጣ። ከሳምንት በኋላ ከሌላው፤ ከሁሉ ያነሰችው ሦስተኛዋ ዘግይታ ተከተለች። ቅጠሉ ሲዘረጋ አረንጓዴ ነበር፤ ጅማቱም ገላውም አረንጓዴ። ወርዳ ለማንም አልተናገረችም፤ ለመናገር እንዳትቸኩል ራሷን ያዘች። ፍሬው ገና ሩቅ ነው። የዘንድሮም የከርሞም አበባ መቀጠፍ አለበት፤ እሷ ያኔ ስልሳ አንድ ዓመቷ ይሆናል።

ባለፈው ሐሙስ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ወደ ደረጃው መጣችና የመጀመሪያው ላይ ቆመች። ቀኑን ሙሉ ሞቆ ነበር። ሁለተኛውን ረገጠች። ከዚያ ዞረችና እዚያው ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ባሏ ከበታቿ ተቀምጦ እጁን እያደረቀ ነበር። ጥፍሮቹ ውስጥ ነጩ እንዳለ ነው፤ እሱ ከእንግዲህ የሚለቅ አይደለም።

"አንተ ሰውዬ" አለችው። "ዛሬ አንተ አጠጣልኝ።"

መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሁለት እጁን ገልብጦ ወደ እሷ ዘረጋ፤ እንድታይለት። አላየችም፤ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ነበር። ጫማውን አውልቆ በአጠገቧ አልፎ ወጣ። የበርሜሉ ክዳን ሲነሳ ሰማች።

"ስንት ጣሳ ነው?" አለ ከላይ።

"ሁለት ሁለት።"

"ለትንሿም?"

"ለሷ አንድ ይበቃታል። ቀስ አድርገህ።"

"እሺ" አለ።